የአልበም ዳሰሳዎቻችን ሙዚቃውን ለምን አይነኩትም?

ሸክላ ሰሚ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ወር ስለ አንድ አዲስ የአማርኛ አልበም የመጀመሪያዬን ዳሰሳ ጻፍኩና ከመለጠፌ በፊት ለአንድ ጓደኛዬ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ካዳመጠኝ በኋላ «ይህን ጽሑፍ እኔም አልበሙን ሳልሰማ ልጽፈው እችል ነበር» ብቻ ብሎኝ ዝም አለ። ለጊዜው ተናደድኩ፤ ማታ ብቻዬን ሆኜ ሳነበው ግን እውነቱን ሆኖ አገኘሁት። «ዘመን ተሻጋሪ ሥራ»፣ «በሳል ግጥሞች»፣ «ማራኪ ቅንብር»፣ «ጆሮ ገብ ዜማ» ያልኩትን በሙሉ የድምፃዊውን ስም ብቻ ቀይሬ ለሌላ ሰው ብሰጠው አንዲት ቃል ማስተካከል አያስፈልገኝም ነበር።

ከዚያ ወዲህ በጋዜጣም ሆነ በማኅበራዊ ገጾች ያገኘኋቸውን ዳሰሳዎች በሌላ ዓይን ማንበብ ጀመርኩ። አብዛኞቹ ድምፃዊው ስንት ዓመት ጠፍቶ እንደቆየ በመተረክ ይጀምራሉ፤ ቀጥለው ጥቂት ስንኞች ጠቅሰው ለማን እንደተዘፈኑ ይገምታሉ፤ በመጨረሻም አቀናባሪውን በአንድ መስመር አመስግነው ይሰናበቱናል። ዘፈኑ ሲጀምር ምን እንደሚሰማ፣ የት ላይ መልኩን እንደሚለውጥ፣ ድምፃዊው የቱ ጋ ጉልበት እንዳጠረው የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም። አንዱ ጸሐፊማ ስንኞቹ ናፍቆትን ስለሚያነሱ ብቻ ዘፈኑን «በትዝታ ቅኝት የተሠራ» ብሎታል፤ ክራሬን አንስቼ ብከታተለው ባቲ የሚባለው ሌላ ቅኝት ሆኖ አገኘሁት።

ጥያቄዬ ይህ ነው። የሙዚቃ ሂስን መጥፎ የሚያደርገው የጸሐፊው የሙዚቃ ዕውቀት ማነስ ነው ወይስ ሌላ ነገር? ኖታ ማንበብ የማይችል፣ ነገር ግን ሙዚቃ አብዝቶ የሚሰማ እንደ እኔ ያለ ሰው ስለ አልበም መጻፍ ይገባዋልን?

ቤዝ መቺ፦

ወንድሜ፣ ከሃያ ዓመት በላይ በባንድና በስቱዲዮ ቤዝ ጊታር ስጫወት ኖሬአለሁ፤ ከእኔ ጋር ከተጫወቱት መካከል እጅግ የማከብራቸው አንዳንዶቹ ኖታ አያነቡም ነበር። ስለዚህ ኖታውን ይተዉት። ቅኝትን አለማወቅም ነውር አይደለም፤ የማያውቁትን ቃል ለማሳመሪያ መበደር ግን ነውር ነው። ትዝታ የአንድ ስሜት ስም ብቻ ሳይሆን የአምስት ድምፆች አደራደር ስም ነው። ሜጀር የሚባለው ትዝታ ወደ ማይነር ሲለወጥ ከአምስቱ ሦስተኛውና አምስተኛው ድምፅ በግማሽ ቶን ዝቅ ይላሉ፤ ይህን በስሙ መጥራት የማይችል ሰው «ወደ አዝማቹ ሲገባ ዜማው ጠቆር አለብኝ» ብሎ ቢጽፍ ለእኔ ከበቂ በላይ ነው፤ ምክንያቱም ዘፈኑን ከፍቼ «አዎ፣ ልክ ነህ» ወይም «ኧረ አይደለም» ልለው እችላለሁ። «ማራኪ ቅንብር» ላለኝ ሰው ግን ምን ብዬ እመልስለታለሁ?

እስቲ ስለ ቅንብር ትንሽ ልበል፤ ከሁሉ በላይ የሚበደለው እሱ ነውና። በብዙ ዘፈኖቻችን መሣሪያዎቹ የድምፃዊውን ዜማ ተከትለው ያንኑ ዜማ ይጫወታሉ፤ ድምፃዊው ስንኙን ጨርሶ ትንፋሽ ሲወስድ ደግሞ ሳክስፎኑ ወይም ኪቦርዱ ክፍተቱን በአጭር መልስ ይሞላዋል። አቀናባሪው ከዚህ ልማድ ወጥቶ ቤዙን ከዜማው ጋር የሚከራከር ሌላ መስመር ከሰጠው፣ ወይም መልስ በሚጠበቅበት ቦታ ሆን ብሎ ዝምታ ከተወ፣ ያ ውሳኔ ነው፤ ውሳኔ ደግሞ ይደነቃል ወይም ይነቀፋል። በስልሳዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በወጡ ሸክላዎች ላይ ግርማ በየነ ራሳቸው የዘፈኗቸው በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ ለሌሎች ያቀናበሯቸው ግን እጅግ ብዙ ናቸው። በእኛ ዘመንም አቀናባሪው ኤልያስ መልካ በ2012 ዓ.ም. ሲያርፍ ያለቀሰለት ሕዝብ፣ የሚወዳቸውን የእነዚያን ሁሉ ዘፈኖች ድምፅ ማን እንደቀረጸው በደንብ ያወቀው ያን ሰሞን ይመስለኛል። ሐያሲ ቢኖረን ኖሮ ቀድመን በሰማን ነበር።

ደግሞም እባካችሁ አልበም በስልክ ድምፅ ማጉያ ሰምታችሁ አትጻፉ። የስልክ ማጉያ የቤዙንና የከበሮውን ዝቅተኛ ድምፅ አያወጣውም፤ ከዚያ «ድምፁ ስስ ነው» ትሉና ሚክሱን (የድምፆቹን ሚዛን) ሲሠራ ሌሊቱን ሙሉ የተቀመጠውን ሰው ታስወቅሱታላችሁ።

የግጥም ወዳጅ፦

ሁለታችሁም ያላችሁት ያሳምናል፤ ሆኖም ስለ ግጥም የሚጽፉትን በጅምላ እንዳትከሱብኝ እፈራለሁ። የአማርኛ ዘፈን ከግጥሙ ተለይቶ የሚቆም ነገር አይደለም። በአዝማሪ ቤት እንግዳው «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ሲወረውር፣ አዝማሪውም በማሲንቆው እየተቀበለ ሲመልሰው የቤቱ ሰው የሚጠብቀው የመጨረሻዋን ቃል ነው። ስለዚህ ጥፋቱ ስለ ግጥም መጻፉ ላይ አይመስለኝም፤ ግጥሙን እንዳልተዘፈነ አድርጎ ማንበቡ ላይ ነው።

ምን ማለቴ እንደሆነ ላስረዳ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። «አለ» ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ መኖሩን ይነግረናል። «ገና» ላልቶ «እስካሁን» ሲሆን ጠብቆ የልደት በዓል ነው። በወረቀት ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ሲነገሩ ይለያሉ፤ ሲዘፈኑ ግን ጉዳዩ በድምፃዊው እጅ ይወድቃል። ዜማው አንዱን ፊደል ሲጎትተው መጥበቁ ሊሟሟ ይችላል፤ ድምፃዊው አንድን ቃል ከመካከሉ ቆርጦ ትንፋሽ ቢወስድ ደግሞ ገጣሚው ያላሰበው ኅብረ ቃል ሊወለድ ይችላል። ሰሙን ከወርቁ የምትለየው አንዳንድ ጊዜ ያቺ ትንፋሽ ናት። በቪዲዮው ሥር የተለጠፈውን ግጥም ገልብጦ የሚተነትን ጸሐፊ ይህን ሁሉ አያገኘውም፤ እሱ የሚያነበው ድምፃዊው አፉን ከመክፈቱ በፊት የነበረውን ወረቀት ነውና።

ሌላው ወርቅ የማደን አባዜ ነው። በደርግ ዘመን ግጥም በሳንሱር ያልፍ ስለነበር አድማጩ የፍቅር ዘፈን ውስጥ ሌላ ነገር መፈለግን ለመደ፤ ልማዱም ምክንያት ነበረው። ዛሬ ግን አንዲት ልጅ «ሄድክብኝ» ባለች ቁጥር የሄደው መንግሥት ነው፣ ሰላም ነው፣ ወይስ አገር ነው እያልን አራት ገጽ እንጽፋለን። ትርጓሜው ትክክል ይሁን ስህተት ማረጋገጫ የለውም፤ ልጅቷም ብትጠየቅ «አድማጭ እንደ ፈቀደ» ብላ ታልፋለች። አንዳንዴ የሄደው ሰውዬው ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ከባሕር ማዶ የሚጻፈውም ከዚህ ሕመም እንዳላመለጠ ለማስታወስ ያህል ጥቂት ልጨምር። የኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ አኮርዲዮኑን፣ ሲንተሳይዘሩንና ድራም ማሽኑን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ካሴት በ2013 ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በሚባለው አሳታሚ እንደገና ሲወጣ በእንግሊዝኛ ብዙ ተጻፈ። እኔ ካነበብኳቸው ውስጥ ታክሲውን ያላነሳ አልነበረም፤ የዋልያስ ባንድ መሪ የነበረው ሰው በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዳ መኖሩ፣ ደንበኛ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው አውጥቶ መለማመዱ። ታሪኩ እውነት ነው፤ ደግሞም ያምራል። እዚህ አካባቢ ለምንኖር ግን ታክሲ የነዳ ኢትዮጵያዊ ብርቅ አይደለም፤ ብርቁ በአኮርዲዮን ያን የመሰለ ትዝታ የሚጫወት ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣውን አዲስ አልበም የሚከፍተው ትዝታ አሥር ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ በዚያ ሁሉ ደቂቃ ውስጥ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ዜማውን እንዴት እያፍታታ እንደሚሄድ ግን ስለ መኪናው ከተጻፈው እኩሌታውን እንኳ አላገኘሁም።

ንጽጽርም ሌላ መጋረጃ ነው። ጌታቸው መኩሪያ በሳክስፎን የተጫወቱት ሽለላና ፉከራ ነበር። ጀግና አደባባይ ቆሞ በድምፁ የሚያደርገውን፣ መጮሁን፣ ቃሉን መሰባበሩን፣ ድንገት ዝም ማለቱን ወደ መሣሪያው አመጡት። የውጭ ጸሐፊ ይህን ሲሰማ ወዲያው የአሜሪካን ፍሪ ጃዝ፣ ማለትም ከተለመደው ሕግ የወጣውን ጃዝ፣ ያነሳና «እንደ አልበርት አይለር» ይላል። ንጽጽሩ አንባቢውን በር ድረስ ቢያደርሰው ባልከፋ፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያው በር ላይ ጥሎት ይሄዳል፤ ሽለላ ምን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። የፒያኖ ተጫዋቿ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም እ.ኤ.አ. በ2023 በኢየሩሳሌም እስኪያርፉ ድረስ ከፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ከኤሪክ ሳቲ ስም ጋር ሲጠሩ ኖረዋል። የአውሮፓን ሙዚቃ በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ፣ ቀጥሎም በካይሮ ስለተማሩ ንጽጽሩ መሠረት የለውም አልልም፤ ግን ግራ እጃቸው ስለሚያደርገው ነገር አንድ ዐረፍተ ነገር ብትጨምሩ ምን ነበረበት?

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ይከነክነኛል፤ ይህ ደግሞ የእኛው የራሳችን ነው። የሰማንያዎቹንና የዘጠናዎቹን ዓ.ም. ዘፈኖች «ኪቦርድ ብቻ»፣ «ድራም ማሽን የገደለው ሙዚቃ» ብለን ስናጣጥል ኖርን። ያው ድራም ማሽን ፈረንጅ ባሳተመው የ1985 ካሴት ላይ ሲሰማ ግን «ልዩ ድምፅ» ሆነ። ማሽኑ አልተለወጠም፤ ማን ሰምቶ እንዳመሰገነው ነው የተለወጠው።

የቀድሞ ጋዜጠኛ፦

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ወደ ታሪክ ይወስደኛል። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ አዋጅ የሌሊቱን ሙዚቃ ሲገድለው ትልልቅ የነሐስ መሣሪያ ክፍል ያላቸው ባንዶች የሚመገቡበት ገበታ ጠበበ፤ ሸክላው በካሴት ተተካ፤ በኋላም አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ የባንዱን ሥራ ሁሉ እንዲሠራ ግድ ሆነ። ይህን የሚያውቅ ሐያሲ የዚያን ዘመን ካሴት ከክብር ዘበኛ ወይም ከፖሊስ ኦርኬስትራ ጋር አቆራኝቶ «ወረደ» ከማለቱ በፊት፣ ያ ሰው በነበረው መሣሪያ ምን እንደሠራበት ይጠይቃል። «የድሮ ሙዚቃ ቀረ» ማለት ሂስ አይደለም፤ የዕድሜ መግለጫ ነው። (ይህን የምለው እኔም በዕድሜ የገፋሁ ስለሆንኩ ነው።)

ጠያቂው ግን «ወይስ ሌላ ነገር?» ብሎ የጠየቀውን ማንም አልነካለትም፤ እኔ የማውቀውን ልንገረው። ለብዙ ዓመታት በአንድ የሬዲዮ ጣቢያ የሙዚቃ ዝግጅት እሠራ ነበር። አልበም ሲወጣ ድምፃዊው ራሱ ወይም የሙዚቃ ቤቱ ሰው ቅጂውን ይዞ ይመጣል፤ ሻይ ጠጥተን እንጨዋወታለን፤ በሳምንቱ ቃለ መጠይቅ እናደርጋለን፤ ዝግጅቱን ስፖንሰር የሚያደርገው ድርጅት ደግሞ አንዳንዴ የዚያው ኮንሰርት ስፖንሰር ነው። አንድ ጊዜ ስለ አንድ ታዋቂ ድምፃዊ አልበም «ከአሥራ አራቱ ዘፈኖች ስድስቱ በአንድ ዓይነት ምት የተሠሩ ስለሆኑ መሐል ላይ ይሰለቻል» ብዬ በአየር ላይ ተናገርኩ። እንደ ስድብ የሚቆጠር ነገር አልነበረበትም፤ ምቱን ቆጥሬ ነበር የተናገርኩት። በማግሥቱ አለቃዬ ጠርቶኝ «የሰው እንጀራ አትዝጋ» አለኝ። ከዚያ በኋላ «ማራኪ ቅንብር» ማለትን እኔም ተማርኩ፤ ቃሉ የማይጎዳውና የማይጠቅመው ለዚህ ነው፤ ማንንም እንዳይነካ ተብሎ የተሠራ ቃል ነው።

ስለዚህ ወዳጄ፣ በጽሑፍህ ውስጥ ያገኘሃቸው ባዶ ሐረጎች ከዕውቀት ማነስ የመጡ አይመስለኝም። እንደ እኛ ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት ሙያ ውስጥ ከኖሩ ሰዎች አፍ ሰምተህ የለመድካቸው ናቸው። አንተ ግን ማንም ቅጂ አላመጣልህም፤ ገዝተህ ነው የሰማኸው፤ ከእኔ ይልቅ ነጻ ነህ።

ተሟጋች፦

የሁላችሁንም አነበብኩ፤ በአንድ ነገር ላይ እለያለሁ። ከላይ የተባለው ሁሉ መጥፎ ሂስ ማለት አወዳሽ ሂስ እንደሆነ ያስመስላል። ነቃፊ መሆን በራሱ ጥሩ ሐያሲ አያደርግም፤ በማኅበራዊ ገጾች ላይ አልበም በወጣ በሁለት ሰዓት ውስጥ «ቆሻሻ» ብለው የሚጽፉት እኮ ነቃፊዎች ናቸው፤ አሥራ አራት ዘፈን በሁለት ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሰሙት እናንተው አስሉት።

ከዚህም በላይ የተሳሳተ ፍርድና መጥፎ ሂስ ለየቅል ናቸው። ሮሊንግ ስቶን መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1969 ሌድ ዜፕሊን የተባለውን የሮክ ቡድን የመጀመሪያ አልበም ክፉኛ ነቅፎት ነበር፤ ይኸው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው የምርጥ አልበሞች ዝርዝር ላይ ያንኑ አልበም 29ኛ አደረገው። ሰዎች ይህን እንደ መሳቂያ ይጠቅሱታል። ነገር ግን የ1969ኙ ጸሐፊ የቡድኑ ጊታር ተጫዋች ጂሚ ፔጅ የአዘጋጅነትና የዘፈን ደራሲነት ችሎታው ውስን እንደሆነ፣ ቡድኑም ሌላው ጊታር ተጫዋች ጄፍ ቤክ ጥቂት ወራት ቀድሞ የሠራውን እንደደገመ ጽፎ ነበር። ሁለቱን አልበሞች ጎን ለጎን አስቀምጬ ሰምቼ ተሳስቷል ማለት እችላለሁ፤ የሚቻለውም እሱ የሚያዝ ነገር ስለተናገረ ነው። በአንጻሩ ፒችፎርክ የተባለው የሙዚቃ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2003 ለድምፃዊቷ ሊዝ ፌር አልበም ከአሥር 0.0 ሰጠ፤ በ2021 ደግሞ አንዳንድ የድሮ ነጥቦቹን ሲከልስ ወደ 6.0 ከፍ አደረገው። በመካከሉ አልበሙ አንዲት ድምፅ አልተጨመረበትም። ቁጥር እንዲህ ነው፤ የሚለካው የመዘነውን ሰው ስሜትና የዘመኑን ፋሽን ሆኖ ሳለ፣ ከነጥብ በኋላ አንድ አሐዝ ስላለው ብቻ የሚዛን ውጤት ይመስላል። እኛም አገር አልበም በኮከብ መመዘን የጀመሩ ገጾች ስላሉ ነው ይህን ማንሳቴ።

ሸክላ ሰሚ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቀድሞ ጋዜጠኛው ያሉት ከሁሉ በላይ ነካኝ፤ ለካ የማላውቃቸውን ሰዎች ላለማስቀየም ስጠነቀቅ ነበር። ጽሑፌን ከአንድ ሺህ ቃል ወደ አራት መቶ አወረድኩት፤ ድምፃዊው ስንት ዓመት እንደጠፋ የሚተርከው ክፍል ሙሉ በሙሉ ወጣ። አልበሙን ለጠየቃችሁኝ በግል ልኬላችኋለሁ። ስለ ሦስተኛው ዘፈን ቀድሞ «ባህላዊውን ከዘመናዊው ያዋሐደ ድንቅ ሥራ» ብዬ የነበረውን እንዲህ ቀይሬዋለሁ፦

«መግቢያው ላይ ማሲንቆው ብቻውን ይጀምራል፤ ድምፃዊቷ ስትገባ ግን ወደ ኋላ ይሸሽና ሁለተኛው አዝማች እስኪደርስ አይሰማም። ሲመለስ የእሷን ዜማ አይከተልም፤ እሷ በጨረሰችበት ድምፅ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ችክችካው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በድራም ማሽን ስለተሠራ ይህ መጠበቅ ጎልቶ አልወጣም፤ ማሲንቆው ሲዘገይ አብሮ የሚዘገይ ከበሮ ቢኖር ኖሮ የዘፈኑ መጨረሻ የበለጠ በከበደ ነበር።»

ቤዝ መቺ፦

የላክልኝን በጆሮ ማዳመጫ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ስለ ማሲንቆው ልክ ነህ፤ እኔ አላስተዋልኩትም ነበር። ስለ ከበሮው ግን ተሳስተሃል። ከሁለተኛው አዝማች በኋላ ማሽኑ ይቆምና ሰው የሚመታው ከበሮ ይገባል፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠ ነው ያመለጠህ፤ ማሲንቆው ሲዘገይ እሱም በጣም በትንሹ ይዘገያል። በምን ሰምተኸው ነበር?

ሸክላ ሰሚ፦

በስልክ።